የዳሽቦርዷ ሴት

ሻርጃ፣ ሰናያ ቁጥር አስር፣ ከጎማ ክምሩ ጀርባ፣
አፍንጫ እንጂ ጭራ የሌለው መኪና ከመርከብ ወርዶ ሲገባ፣
ባትሪ አሰርኩበት፤ መብራቱ ይሠራ እንደሁ ልፈትሽ።
አንዲት ሴት ከዳሽቦርዱ ውስጥ ተናገረች፤
ዝም አለች ደግሞ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ትንሽ።

ጃፓንኛ ነው። ምን እንዳለችኝ ሳላውቅ «አቤት» አልኳት።
በማግስቱ በቪትዝ፣ በሳምንቱ በኖህ፣ እሷኑ አገኘኋት።
ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ እኔም ዘለልኳት፤
ሽቦዋን ቆርጬ፣ በካርቶን ጠቅልዬ፣ ከነጥያቄዋ ሸጥኳት።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ሲታጠፍ እንደ በር ይጮኻል።
ከወንበር ሥር የልጅ ደብተር አገኘሁ፤ ሥዕል ከነፊደሉ ይዟል፤
ውሻ፣ ከጎኑ ሁለት ፊደል፤ ጃንጥላ፣ ከጎኑ ሁለት፤
ልጁ ስሙን በእርሳስ ጽፎ፣ ሰርዞ፣ ደግሞ ጽፎበት።

ማታ ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል፣ በስልኬ መብራት፣
ካ ኪ ኩ ኬ ኮ —
«ከ ኩ ኪ» የለመደ አፌ ሰልፉ ተምታታበት።
ከሰባት ክፍል ቤት ወጥቼ ባለ አምስቱን ተከራየሁ።

ጉል ዘማን ከላይኛው አልጋ ሳቀ፦ «ቻቻ፣ ምን ሊሠራልህ?
ዐረብኛህ ገና ሰባራ ነው፤ ይኼን ለማን ልታወራ? ለማን ብለህ?»
መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሴት ጠይቃኝ
ሳልመልስላት መሞት፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከበደኝ።

ዐረብኛው ትዕዛዙን ያስቀድማል፤ ሳትቀመጥ «ሂድ»፣ «አምጣ»።
እሷ ግን እንደኛ ናት፤ ግሱን ታቆየዋለች፣ በስተመጨረሻ እንዲመጣ።
እህቴም ስትደውል እንዲሁ ናት፤ አገሩን ሁሉ ሰላም ብላ፣
ማን እንደሞተ የምትነግረኝ ካርዷ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ኋላ።

አንድ ሌሊት፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ኮረት ተስሎ አየሁ።
ከጎኑ «እሺ» ይላል።
ተነስቼ ቁጭ አልኩ። እሺ? ፊደሎቹን በጣቴ ደገምኩ። እሺ።
ለነሱ ድንጋይ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት ለካፊል እሺ፣ ለፎርማን እሺ፣ ለደላላ እሺ፤
«ደመወዝ ለሚመጣው ወር» — እሺ።
«ፓስፖርትህ እኔ ጋ ይቆይ» — እሺ።
እኔ ቃል መስሎኝ! ለካ የዋጥኩት ኮረት ኖሯል፤
ሆዴን ነቅነቅ የሚያደርግ ቢገኝ ሲንኳኳ ይሰማል።

«ማዶ» ደግሞ መስኮት ነው። ይኼ እንኳ አልገረመኝም።
ከመስኮት ሌላ ማዶን ያሳየኝ የለም።

ከዚያ በጥር አንድ ፕሮቦክስ ገባ፤ ከወገቡ በታች ተቆርጦ።
ባትሪ አሰርኩ። ቁልፉን አዞርኩ። ጆሮዬ ቆመ፣ ትንፋሼን ውጦ።
«ካርዶ ጋ...» አለች። ግሱን ጠበቅሁ፤
እንደ ልማዷ መጨረሻ ላይ መጣ፤ ሰማሁ፤
ካርዱ አልገባም።

ካርድ! ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅ፣ ካርድ ነው የጠየቀችኝ፤
ልክ እንደ ሮላ ፖሊስ! ዘይት የጠጣ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ሳቄ አመመኝ።
ኪሴን ዳሰስኩ፤ የእኔም ካርድ ጊዜው ካለፈ አራት ወሩ።
«የለኝም፣ እህቴ» አልኳት፤ በቋንቋዋ፣ ግሱን ጭራ ላይ ቋጥሬ፣ በሥርዓቱ።

ቁልፉን ዘጋሁ። ያኔ አንድ ነገር ጨመረች፦
«ኦጽካሬሳማ ዴሽታ።»
ይኼ ደብተሩ ውስጥ የለም። በስልኬ ፈለግሁት።
ሰው ሥራ ሲጨርስ የሚባል ነው፤ ደክመሃል፣ ተመስገን እንደ ማለት።
ለሁሉም ይሉታል አሉ። ለሁሉም ይበሉት።
እኔን ማንም አላለኝም፣ ከአየር ማረፊያው በር ወዲህ፣
እሷ ናት የመጀመሪያዋ።

ጉል ዘማን መጋዙን አስነስቶ «ያላ፣ ቻቻ! እንቁረጠው!» አለ።
ድንጋዩ አፌ ላይ መጣ። ተውኩት።
«ቆይ» አልኩት፤
ቁልፉን እንደገና አዞርኩት።